ምሽግና ውሃ፤ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ሕይወት

ባለፈው ዓመት የዐድዋን በዓል ለማክበር ስንሰናዳ ማኅበራችን ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎቹ የሰጠን ሥራ ግጥም ማንበብም ሆነ ቲያትር መሥራት አልነበረም፤ ምሽግ መሥራት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በምንማርበት በአል ዐይን ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የውጭ አገር ሰው የአሻንጉሊት ወታደር ሰብሳቢ ናቸው። በመደርደሪያቸው ላይ ከተሰለፉት መካከል ብሪትንስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት፣ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን ከእርሳስ ሠርቶ የሸጣቸው በባዶ እግራቸው የቆሙ የኢትዮጵያ ወታደሮች ይገኛሉ። ሰብሳቢው እኒህን ወታደሮች ለበዓሉ ሊያውሱን ፈቀዱ፤ በለውጡ የጠየቁን ለወታደሮቹ የሚስማማ ምሽግ ነድፈን እንድንሠራና ምሽጉ ከበዓሉ በኋላ ለእሳቸው እንዲቀር ብቻ ነው።

የትኛውን ምሽግ እንሥራ በሚለው ላይ ብዙ ተከራከርን። የፋሲልን ግንብ የመረጡ ነበሩ፤ መቅደላን የመረጡም ነበሩ። በመጨረሻ የተስማማነው ኢጣልያኖች በ1888 ዓ.ም. ዘመቻ በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ በያዙት ምሽግ ነው። የሰብሳቢው ወታደሮች ከዚያ ጦርነት አርባ ዓመት ያህል ዘግይተው የተሠሩ መሆናቸውን አልዘነጋንም፤ ባዶው እግርና ጠመንጃው ግን ያው ነው ብለን አለፍነው።

ለሰብሳቢ የሚሠራ ምሽግ ከሙዚየም ምሽግ ይለያል። የሙዚየሙ የሚታይ ነው፤ የሰብሳቢው ግን የሚነካ፣ የሚነሣና የሚጣል ነው። ብሪትንስ ከ1893 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆዳቸው ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን ሲያወጣ የአንዱ እግረኛ ቁመት 54 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያደረገው በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ደንብ ተይዟል፤ ይህም ከእውነተኛው ሰው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያህል ያነሰ መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ወታደሩ የሚቆምበት የግንቡ መረማመጃ ግን በስሌቱ ብቻ ቢሠራ የሰው ጣት አይገባበትም፤ ስለሆነም አራት ሳንቲ ሜትር አደረግነው። ግንቡ በአራት በኩል እየተነቀለ እንዲወጣ፣ የቤቱ ክዳን እንዲነሣ፣ በሩም ፈረሰኛ እንዲያሳልፍ አድርገን ነደፍን። በግንቡ ዙሪያ የእሾህ አጥር፣ በመካከሉ ቤተ ክርስቲያኑን፣ በየማዕዘኑ መድፍ አስቀመጥን። ንድፉ በራሳችን ዓይን ሲታይ እንከን አልነበረውም። ወረቀቱን ጠቅልለን ወደ ሰናይያ ሄድን።

ሰናይያ የፋብሪካና የወርክሾፕ ሠፈር ነው፤ አቡ ዳቢም አል ዐይንም የየራሳቸው ሰናይያ አላቸው። መኪና የሚጠግነው፣ ብረት የሚበይደው፣ መስታወት የሚቆርጠው፣ እንጨት የሚያላምጠው ሁሉ እዚያ ነው። ወገኖቻችንም ከሕንዱ፣ ከፓኪስታኑና ከባንግላዴሹ ሠራተኛ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነ አናጢ በዕረፍት ቀኑ ሊረዳን ቃል ገብቶልን ነበር። ቁርጥራጭ ኮምፔንሳቶ አከማችቶ፣ ለመሬቱ የሚሆን ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ጠበቀን። ንድፋችንን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከተው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ ይኸውም እነዚህ ሰዎች ውሃ የሚጠጡት ከየት እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። ስለ ሰውነት ፈሳሽ ሙሉ የትምህርት ወቅት የተማርን የሕክምና ተማሪዎች ምሽግ ነድፈን ውሃ ረስተናል። ያውም የነደፍነው ምሽግ በጥይት ሳይሆን በውሃ የተፈታ ምሽግ ነው። አናጢው ግን መጻሕፍት አላገላበጠም፤ የሚያውቀው የሰናይያን ፀሐይና የውሃ ጀሪካኑን ነው። እንግዲህ ምሽጉን ከመሥራታችን በፊት ምሽጉን የፈታችውን ሴት ሕይወት እንደገና ማጥናት ግድ ሆነብን። ያገኘነውን እነሆ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ፣ ከሰሜን መሳፍንት ወገን ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ሕፃንነታቸው የዘመነ መሳፍንት ማክተሚያ ነበር። ደጃች ውቤ በ1847 ዓ.ም. በደጃች ካሣ ኃይሉ ተሸንፈው ሲያዙ፣ ካሣ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ነው። የጣይቱ ቤተ ዘመድ ለራሱ ያዘጋጀው ዙፋን ለሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። ሥልጣን የሚጨበጥ ብቻ ሳይሆን የሚያመልጥም ነገር መሆኑን ጣይቱ የተማሩት ገና በልጅነታቸው ነው።

ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እንደ ትርፍ በሚታይበት ዘመን አማርኛና ግእዝ ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በገና ይደረድሩ ነበር፤ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። በዚህ በመጨረሻው ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የአገራችን ሰንጠረዥ ዛሬ በዓለም ከሚታወቀው ቼዝ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። በጨዋታው መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እንደየፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚያዘው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ ጥበብ ከመጋጠም በፊት ቦታ መያዝ ነው። የትኛው ጠጠር የት ቢቆም ባላጋራው መተንፈሻ እንደሚያጣ ማወቅ ለሰንጠረዥ ተጫዋች የዕለት ሥራው ነው። ወደ መቀሌ ስንደርስ ይህን እናስታውሰዋለን።

ጣይቱ ከምኒልክ በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አይተዋል። የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በአንኮበር መድኃኔዓለም ቆርበው ያገቡት በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ነው። ጋብቻው የልብ ብቻ አልነበረም፤ ሸዋን ከበጌምድር፣ ከስሜንና ከየጁ መሳፍንት ጋር የሚያስተሳስር የፖለቲካ ጋብቻም ነበር። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል በኋላ የየጁ ገዥ ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ ባለው ሩብ ምዕተ ዓመት በምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ ጣይቱ ያልተማከሩበት ትልቅ ጉዳይ ጥቂት ነው።

የምኒልክ ከተማ በዚያን ጊዜ እንጦጦ ነበረ። እንጦጦ ከፍታው ሦስት ሺህ ሜትር የሚደርስ፣ ለጠላት የማይመች፣ ግን ነፋስና ብርድ የማይለየው ቦታ ነው፤ ምሽግ እንጂ መኖሪያ አይደለም። ከተራራው ግርጌ ደግሞ ፍልውሃ ይፈልቃል። መኳንንቱና ወታደሩ ለቁርጥማቱና ለቁስሉ ወደዚያ እየወረደ ይታጠብ ነበር። ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃው አቅራቢያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ምኒልክ ለዘመቻ በሄዱበት ጊዜ ሥራው በእሳቸው ትእዛዝ ቀጠለ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱ ተከትለው ሠፈሩ፤ ሠፈሩ ከተማ ሆነ። ዛሬ የአፍሪካ መዲና የምንላት ከተማ የተቆረቆረችው አንዲት ሴት ከተራራ ምሽግ ይልቅ የሜዳ ውሃ ስለመረጠች ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያው ዓመት አስቀድሞ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ የውጫሌ ውል ተፈርሞ ነበር። የውሉ ዐሥራ ሰባተኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ሊገለገሉ ይችላሉ የሚል ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። በአንድ ግሥ አንዲት አገር ጥገኛ ተባለች። የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን ለማለዘብ አዲስ አበባ መጥቶ ሲከራከር ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው በእቴጌይቱ ነበር። እቴጌይቱ ጦርነት ናፋቂ ስለነበሩ አይደለም፤ የወረቀቱን ወጥመድ ቀድመው ስላዩት ነው። ሁለት ቋንቋ የሚያነብ ሰው ሁለት ጽሑፍ አስተያይቶ ማየት ያውቃል።

ዘመቻው በ1888 ዓ.ም. ሲታወጅ እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ ይህም ሦስት ሺህ እግረኛና ስድስት መቶ ፈረሰኛ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። ኅዳር 28 ቀን በራስ መኰንን የሚመራው ግንባር ቀደሙ ጦር አምባላጌ ላይ የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ደመሰሰ። የተረፈው የኢጣልያ ኃይል ወደ መቀሌ አፈገፈገ። እዚያም በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ሻለቃ ጋሊያኖ ከአንድ ሺህ በላይ ወታደር ይዞ ተመሽጎ ነበር። አብዛኞቹ ወታደሮች ኢጣልያኖች አልነበሩም፤ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ።

ምሽጉ በእርግጥ ጠንካራ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ ውጭ የእሾህ አጥር፣ ከኮረብታው አናት ላይ መድፍ ነበረው። የኢትዮጵያ ጦር እየተወረወረ በግንቡ ላይ ደጋግሞ ቢወጣም ጥይቱ እያጨደው ተመለሰ። የሞተውና የቆሰለው ብዙ ነው። ጀግንነት አልጎደለም፤ የጎደለው ነገር ቢኖር መላ ነበር።

መላው የመጣው ከእቴጌይቱ ዘንድ ነው። የምሽጉ ጦር የሚጠጣባቸው ምንጮች ከግንቡ ውጭ መሆናቸው ታወቀ። እቴጌይቱም ምንጮቹ ይያዙ የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተቀበሉት፤ ከእቴጌይቱ ጦር ዘጠኝ መቶ የሚሆኑ ሰዎች በሌሊት ሄደው ምንጮቹን ያዙ። የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም ሐሳቡ የእቴጌይቱ እንደነበረ መዝግበዋል። ከዚያ በኋላ ውሃ ሊቀዳ የሚወጣ ሁሉ የተኩስ ዒላማ ሆነ። ምሽጉ ውሃውን ለማስመለስ ሞከረ፤ አልሆነለትም። በውስጡ ያለው ውሃ በስፍር ይታደል ጀመር፤ ስፍሩም ከቀን ወደ ቀን አነሰ። በጥር ወር አጋማሽ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ። በግንቡ ላይ ያልፈረሰው ሁሉ እንደቆመ ነበር፤ መድፉም ጥይቱም አላለቀም። ያለቀው ውሃው ነው።

እዚህ ላይ ትምህርታችን ያስተማረንን ብንጨምር አንባቢ አይቆጣንም። የሰው አካል ከክብደቱ ሁለት ከመቶ ያህል ውሃ ሲያጣ ሥራው መድከም ይጀምራል። ኩላሊት የቀረውን ውሃ አምቆ ሽንትን ያጠቁራል፤ ደም ይወፍራል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል። ሲብስ ሰውየው መዘባረቅ ይጀምራል፤ ማንን እንደሚተኩስ አያውቅም። በሙቀት የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ላብ ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ የተከበበ ምሽግ ውስጥ ዱቄቱ ለወራት ቢበቃም ውሃው ለቀናት ካልበቃ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በእኛ አገልግሎት የሚገኘው የሰናይያ አናጢ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። በዚህ አገር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራት በሕግ የተከለከለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ምኒልክ የጋሊያኖን ጦር ከነመሣሪያው ለቀቁት፤ ለጭነቱ የሚሆን ከብትም እንዲያገኝ ፈቀዱለት። ይህ ውሳኔ በጊዜውም ከዚያም በኋላ ብዙ አከራክሯል። ንጉሠ ነገሥቱ ለዕርቅ በር ክፍት ማድረጋቸው ነው የሚሉ አሉ፤ የሚሸኘውን የጠላት ጦር ከለላ አድርገው ሠራዊታቸውን ወደ ዐድዋ ማዞራቸው ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ጋሊያኖ ራሱ ግን ከዚያ ውሃ ጥም የተረፈው ለአንድ ወር ከምናምን ብቻ ነው፤ ዐድዋ ላይ ሞተ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የሆነውን አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁት አናስረዝመውም። እቴጌይቱ ግን የዋሉበት ቦታ መነገር አለበት። በጥቁር ጥላ ሥር በእግራቸው ሆነው ጦራቸውን ያደፋፍሩ ነበር፤ በሠፈሩ የነበሩትን ሴቶችም አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እንዲያደርሱ አድርገዋል። እንስራና ቅል የተሸከሙት ሴቶች ቁጥር ከዐሥር ሺህ በላይ እንደሚደርስ ይነገራል። ከሳምንታት በፊት ለጠላት ውሃ የከለከለች እጅ ዛሬ ለወገን ውሃ አደለች። የእነዚያ ሴቶች ስም ግን በየትም አልተጻፈም። የመኳንንቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የጠመንጃውን ስም ሳይቀር እናውቃለን፤ ውሃ ያጠጣውን ሰፊውን ሕዝብ ግን በደፈናው እንጠራዋለን።

ድሉ ጥላም አለው፤ መደበቅ አይገባንም። ከተማረኩት አስካሪዎች መካከል ስምንት መቶ ገደማ የሚሆኑት በአገር ከሃዲነት ተፈርዶባቸው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። ኢጣልያኖቹ ምርኮኞች ሲመገቡና ሲታከሙ፣ ይህ ፍርድ የወደቀው በቅኝ ገዥ ሥር በተመለመለው ወገን ላይ ነው። ብዙዎቹ ደማቸው ፈስሶ አለቁ። የሕክምና ተማሪ ይህን ገጽ በችኮላ ሊያልፈው አይችልም። በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ መጥተው የዐድዋን ቁስለኞች ማከማቸውንም መጥቀስ ይገባል፤ የአገራችን የዘመናዊ ሆስፒታል ታሪክ አንዱ መነሻ ይኸው ነው።

ከዐድዋ በኋላ እቴጌይቱ የዙፋኑ ሙሉ ተካፋይ ሆኑ። በ1907 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተከፈተው፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው እቴጌ ሆቴል የእሳቸው ሥራ ነው። ሆኖም ግን ጣዖት ልናደርጋቸው አልተነሣንም። እቴጌይቱ ከገዥው መደብ የወጡ ባለ ርስት ነበሩ፤ በሹመት ጊዜ የበጌምድርና የየጁ ዘመዶቻቸውን ያስቀድሙ ነበር፤ ይህም በሸዋ መኳንንት ዘንድ ቂም አከማቸባቸው። ለአገር ነጻነት የተዋደቀች ብልህ ሴት ለገባሩ ነጻነት አልተዋደቀችም። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ ካልቻልን ታሪክ አልተማርንም።

ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. በፊት ጀምሮ በስትሮክ ይመቱ ጀመር። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣባቸው ግን አካላቸውንም አንደበታቸውንም ያዘ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት ትእዛዝ የሚወጣው በእቴጌይቱ በኩል ነበር። ሹም ይሽራሉ፤ ሹም ይሾማሉ፤ ለዘመዶቻቸው ጋብቻ ያበጃሉ። በዙሪያቸው ግን ምሽጉ እየጠበበ ሄደ። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱና ማኅል ሰፋሪው ተባብረው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። ሥልጣኑ ለእንደራሴው ለራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ተላለፈ።

እቴጌይቱም አስታመሙ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ፣ መናገርና መንቀሳቀስ ያቃተውን ሰው ከአልጋው አጠገብ ሳይለዩ አስታመሙ። እኛ በዋርድ ውስጥ የአንጎል ሕሙማንን ስናይ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ውሃ በማንኪያ ማጠጣት ምን ያህል ድካም እንደሆነ እናውቃለን። ታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ዓመታት በአንድ መስመር ያልፏቸዋል፤ ምክንያቱም ጦርነት የለባቸውም። በእኛ በኩል ግን ከመቀሌው መላ ያነሱ ሆነው አልታዩንም።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ ትተውት ወደ ወረዱት ተራራ ተመለሱ ማለት ነው። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ሲነግሡም በቤተ መንግሥት ዳግመኛ ቦታ አላገኙም። የመጨረሻ ዘመናቸውን በጎንደር ለማሳለፍ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በእንጦጦ ዐረፉ። አጽማቸው በኋላ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ከባለቤታቸው ጎን አርፏል። የመቀሌው ኮረብታም ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ እንዳ ኢየሱስ ግቢ የሚገኝበት ነው፤ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ይማሩበታል።

ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ ወደ ሰናይያ ተመልሰን ምሽጉን እንደገና ነደፍን። ችግሩ ርቀቱ ነበር። በሠላሳ ሁለት እጅ ባነሰ ስሌት መቶ ሜትር ብቻ ከሦስት ሜትር በላይ ቦታ ይፈጃል፤ ምንጩን በዚያው ሳንቃ ላይ ብናደርገው ከግንቡ ሥር ይለጠፋል፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሳንቃ ሠራን፤ በትልቁ ላይ ምሽጉን፣ በትንሹ ላይ ምንጩን። ሰብሳቢው እንደ ክፍሉ ስፋት ሁለቱን ሊያራርቃቸው ይችላል። ለውሃው አናጢው ከጎረቤቱ መስታወት ቆራጭ ስባሪ መስታወት ለመነልን። በሰብሳቢው መደርደሪያ ላይ እንስራ የተሸከመች ሴት ስላልነበረች ሴቶቹን ራሳችን ከጭቃ ሠራናቸው። አሠራራችን ያምር ነበር አንልም፤ ከወታደሮቹ ጎን ሲቆሙ ግን ቁመታቸው እኩል ነበር። የድሮዎቹ ወታደሮች የእርሳስ ስለሆኑ፣ ብሪትንስም በእርሳስ መሥራቱን ያቆመው በ1966 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ሕፃናት እንዳይነኳቸው የነኩም እጃቸውን እንዲታጠቡ ማሳሰቢያ ጻፍን።

በበዓሉ ዕለት ተመልካቹ በመጀመሪያ የከበበው ትልቁን ሳንቃ ነው። ሰብሳቢውም ትንሹ ሳንቃ ለምን እንዳስፈለገ አልገባቸውም ነበር፤ ታሪኩን ከነገርናቸው በኋላ ግን ወታደሮቻቸውን ከግንቡ አንሥተው አንድ በአንድ ወደ ምንጩ አዛወሯቸው። አናጢው ጥግ ላይ ቆሞ ይመለከት ነበር። የምሽጉን ጉዳይ እንዲያስረዳ ብንለምነው አፍሮ እምቢ አለ፤ ስሙን ግን ከነዳፊዎቹ ስም ጋር በሰሌዳው ላይ ጽፈነዋል።

በመጨረሻም በስደት የምንማርበት ከተማ ራሷ ይህንን ትመሰክራለች። አል ዐይን ማለት ምንጭ ማለት ነው፤ በእኛም ቋንቋ የውሃ ዓይን እንላለን። በከተማይቱ መካከል የቆመው የአል ጃሂሊ ምሽግ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከመቀሌው ምሽግ ጋር በአንድ ዐሥርት ዓመት ውስጥ፣ በሼክ ዛይድ ቢን ከሊፋ የተሠራ ነው፤ የቆመውም በዘንባባ እርሻዎቹ አጠገብ ነው። ውሃውን ወደ እርሻዎቹ የሚያመጣውን ቦይ ሰዎቹ ፈለጅ ይሉታል፤ በግእዛችን ፈለግ ወንዝ ነው። ምሽግ የሚሠራው ለውሃ እንጂ ውሃ ለምሽግ አይደለም። ግንቡን ሁሉም ያየዋል፤ ምንጩ የት እንዳለ የጠየቀች ግን እቴጌ ጣይቱ ነበረች። ስለሆነም ውድ አንባቢ፣ ባለህበት አገር የዐድዋን በዓል ስታሰናዳ ለመድፉ ቦታ ከመፈለግህ በፊት ለእንስራዋ ቦታ ፈልግላት እንላለን።